የመበለቷ ልጅና የእኛ ጎመን

በዚህ ዕትም የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው ዶክተር ኡ ጃንግ ቹን ይባላሉ። ተወልደው ያደጉት ጃፓን ሲሆን ያረፉት ኮሪያ ነው። ስማቸው እኛ ዘንድ በአቃቂ ቃሊቲ ብዙም አይታወቅም። ሆኖም በየጓሯችን የምናበቅለው ጎመን ከማንና ከማን እንደ ተወለደ ለዓለም ካስረዱት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ጎመንን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ጾም ሲገባም፣ ኑሮ ሲወደድም ቤታችንን የሚሸፍንልን እሱ ነው። ቅጠሉን ቀቅለን እንበላለን፤ ዘሩን ወቅጠን አዲስ ምጣድ እናሟሽበታለን፤ እንጀራ ስንጋግርም ምጣዱን እናስስበታለን። ትንሽ ቦታና ትንሽ ውኃ ያላት እናት ቶሎ ቆርጣ ወደ ገበያ ልታወጣው ትችላለች። ጎመን በጤና የሚለው የአባቶቻችን አባባልም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ታዲያ ይህ ዘወትር እጃችን ላይ ያለ ተክል በአንድ ወቅት የሁለት የተለያዩ ተክሎች ዲቃላ እንደ ነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህን ለመረዳት የዶክተር ኡን ሕይወት ከመነሻው እንከተል።

አባታቸው ኡ ቦም ሰን የኮሪያ ጦር መኮንን ነበር። በ1895 የኮሪያ ንግሥት ሚዮንግሶንግ በገዛ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ በጃፓኖች እጅ ሲገደሉ፣ ከገዳዮቹ ጋር ከተባበሩት ኮሪያውያን መኮንኖች አንዱ እሱ ነበር። ከዚያም ወደ ጃፓን ሸሽቶ ሳካይ ናካ የተባሉ ጃፓናዊት አገባ። ጃንግ ቹን በ1898 ተወለደ። በ1903 ደግሞ የንግሥቲቱን ደም ሊበቀል የመጣ ኮሪያዊ ኩሬ በምትባል የጃፓን ከተማ አባትየውን ገደለው። ልጁ ገና የ5 ዓመት ሕፃን ነበር፤ እናቱም ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዘው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የወይዘሮ ናካን ሁኔታ እናስብ። ባላቸው በገዛ አገሩ ሰዎች ዘንድ ከሃዲ ነው፤ በጃፓኖች ዘንድ ደግሞ ባዕድ ነው። ልጆቻቸው ለሁለቱም ወገን ሙሉ አይደሉም። ገቢ የላቸውም። ችግሩ ሲጠናባቸው የበኩር ልጃቸውን በቶኪዮ በሚገኝ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ለነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ለጊዜው ሰጡት። ልጁ እዚያ በረሃብና በእኩዮቹ ስድብ መካከል ኖረ። እናቲቱ ግን አልተዉትም። ሠርተው ኑሯቸው ትንሽ ቀና ሲል ተመልሰው ወሰዱት፤ ትምህርት ቤትም አስገቡት። ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ አባላችን ሁሉ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ሆነ። በ1916 ቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ክፍል ገባ፤ በ1919 ጨረሰና በጃፓን የግብርና ሚኒስቴር የምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። በጣቢያው ከአበባ ጋር ጀምሮ በኋላ ወደ ጎመን ወገን ተክሎች ተሻገረ። በ1924 ዋታናቤ ኮሃሩ የተባሉ ጃፓናዊት ሲያገባ፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ ኮሪያዊ አማች አንፈልግም ብሎ ተቃውሞ ነበር። ልጆቻቸው በጃፓን ሕግ ፊት ችግር እንዳይገጥማቸው ሱናጋ የተባለ ቤተሰብ በማደጎ ስሙን ሰጣቸው። ዶክተር ኡ ግን በሳይንስ ጽሑፎቻቸው ላይ ኡ የሚለውን የአባታቸውን ስም እስከ መጨረሻው ይዘው ቆዩ። አባታቸው ያደረገውን ያውቁ ነበር፤ ስሙን ግን አልደበቁትም።

አሁን ወደ ሥራቸው እንግባ። ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ እንደ ክር ያሉ ነገሮች አሉ። የዘር መልእክት የተጻፈው በእነሱ ላይ ነው። ክሮሞዞሞች እንደ ጫማ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ ነው። ሰው 46 ክሮሞዞም ወይም 23 ጥንድ አለው። የእኛ ጎመን ደግሞ 34 ወይም 17 ጥንድ አለው።

እናትም አባትም ያላቸውን ሁሉ ለልጅ ቢሰጡ ቁጥሩ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ መቆሚያ አይኖረውም። ስለዚህ የአበባ ብናኝና እንቁላል ሲዘጋጁ ቁጥሩ በግማሽ መቀነስ አለበት። ይህ የሚሆንበት የሕዋስ ክፍፍል ሚዮሲስ ይባላል። ሥርዓቱም እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱን ግልባጭ ይሠራል፤ ግልባጩም ከእሱ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ከዚያ ክሮሞዞሞቹ አቻ አቻቸውን ይፈልጋሉ። ከእናት የመጣው ከአባት ከመጣው አቻው ጋር ጎን ለጎን ይጣመራል። ተጣምረው ሳሉም ከአካላቸው ቁራሽ ቁራሽ ይለዋወጣሉ። ቀጥሎ ጥንዶቹ በሕዋሱ ወገብ ላይ ይሰለፋሉ። ከሁለቱ ዳርቻ የሚመጡ ቀጫጭን ክሮች ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይስባሉ። በጎመን ከሆነ 17 እዚህ፣ 17 እዚያ ይደርሳሉ። በሁለተኛው ዙር ክፍፍል ደግሞ ተጣብቀው የቆዩት ግልባጮች ይለያያሉ። በመጨረሻ ከአንድ ሕዋስ 4 ሕዋሳት ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከየጥንዱ አንድ አንድ፣ በድምሩ 17 ክሮሞዞም ይይዛሉ።

ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች መልካቸው የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ቁራሽ በተለዋወጡ ቁጥር፣ የትኛው ወደየት እንደሚሄድም ዕጣው በተጣለ ቁጥር የሚወጣው ድርሻ ሌላ ነው። አንዷን ልጅ ዓይኗ የአያቷን የሚያስመስለው፣ እኅቷን ደግሞ ማንንም የማትመስል የሚያደርጋት ይኸው ክፍፍል ነው።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። እያንዳንዱ ክሮሞዞም አቻውን ማግኘት አለበት። አቻ ሲታጣ ምን ይሆናል? ሰናፍጭን እንውሰድ። ሰናፍጭ 16 ክሮሞዞም ወይም 8 ጥንድ አለው። ጥቅል ጎመንና ወገኖቹ ደግሞ 18 ወይም 9 ጥንድ አላቸው። ሁለቱ ቢዳቀሉ ልጁ ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9፣ በድምሩ 17 ክሮሞዞም ይወርሳል። ቅጠል ያወጣል፤ ያድጋል፤ ያብባል። ዘር ለመስጠት ሲደርስ ግን ይቸገራል። ከአንድ ቤት የመጡ 8 ነጠላ ጫማዎችና ከሌላ ቤት የመጡ 9 ነጠላ ጫማዎች አንድ ጆንያ ውስጥ እንደ ተጨመሩ ቁጠሩት። አብዛኞቹ ጥንድ ስለሌላቸው በወገብ ላይ በሥርዓት መሰለፍ ያቅታቸዋል። ገሚሱ ወደዚህ፣ ገሚሱ ወደዚያ በዘፈቀደ ይሄዳል። የሚወጣው ብናኝ አንዱ የጎደለው፣ ሌላው የተረፈው ስለሚሆን አብዛኛው ፍሬ አልባ ነው።

አልፎ አልፎ ግን ክፍፍሉ ራሱ ይሰናከልና ቁጥሩ ሳይቀነስ 17ቱም ክሮሞዞሞች በአንድ ብናኝ ወይም በአንድ እንቁላል ውስጥ አብረው ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ብናኝ እንዲህ ያለ እንቁላል ካገኘ 17 ላይ 17 ተጨምሮ 34 ይሆናል። ያን ጊዜ የሰናፍጩ 8 ክሮሞዞሞች እያንዳንዳቸው አቻ ያገኛሉ፤ የጥቅል ጎመኑ 9ኙም እንዲሁ። ክፍፍሉ በሥርዓት ይካሄዳል፤ ዘር ይቋጠራል። የእኛ ጎመን የተገኘው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ይህ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የሆነ ነገር ሲሆን፣ የሀገራችን ደጋ ለጎመኑ ዋና መኖሪያው ሆኖ ቆይቷል።

ሞሪናጋ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በእነዚህ ተክሎች ላይ የጀመሩት ቆጠራ ነበር። ዘዴው ቀላልና ብልህ ነው። ጎመንን መልሰው ከሰናፍጭ ጋር ያዳቅሉታል፤ ከዚያ የልጁን አበባ በማይክሮስኮፕ እያዩ ክሮሞዞሞቹ በሚዮሲስ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ ይመለከታሉ። ልጁ 25 ክሮሞዞም ይኖረዋል። 8 ጥንዶች ከተጣመሩና 9 ብቻቸውን ከቀሩ፣ ጎመኑ ውስጥ ሰናፍጭ እንዳለ ተረጋገጠ ማለት ነው። ዝምድናን የመሰከሩት ክሮሞዞሞቹ ራሳቸው አቻቸውን በማወቅ ነው።

ዶክተር ኡ ይህን ሥራ ወስደው ወደ ሙሉ ማስረጃ አደረሱት። የቻይና ጎመን ወገን የሆነውንና 10 ጥንድ ያለውን ተክል 9 ጥንድ ካለው ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር አዳቅለው፣ ዛሬ በሱቅ የካኖላ ዘይት የሚባለው ዘይት የሚጨመቅበትን ባለ 19 ጥንድ ተክል በእጃቸው ሠሩት። ተፈጥሮ የሠራችውን ደግመው በመሥራት አሳዩ። በ1935 ባሳተሙት ጽሑፍ የስድስቱን ተክሎች ዝምድና በአንድ ሦስት ማዕዘን ላይ አስቀመጡት። በማዕዘኖቹ ላይ 8፣ 9ና 10 ጥንድ ያላቸው ሦስቱ ወላጆች አሉ። በጎኖቹ ላይ ደግሞ የእነሱ ልጆች የሆኑት ባለ 17፣ ባለ 18ና ባለ 19 ጥንዶቹ ተቀምጠዋል። ባለ 17ቱ የእኛ ጎመን ነው። ሥዕሉ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የኡ ሦስት ማዕዘን እየተባለ ይማሩበታል።

በዚያን ዘመን ብዙ ሰዎች አዲስ ዝርያ የሚገኘው ከአንድ ወላጅ ዘር ቀስ በቀስ በመለወጥ ብቻ ነው ብለው ያስቡ ነበር። የዶክተር ኡ ሥራ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተጋብተው ራሱን የቻለ ሦስተኛ ዝርያ ሊያስገኙ እንደሚችሉ አረጋገጠ። ይህን ያረጋገጠው ሰው በልጅነቱ የሁለት ሕዝብ ልጅ በመሆኑ ይሰደብ የነበረው የወይዘሮ ናካ ልጅ መሆኑን ስናስብ እንደነቃለን። በ1936 ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተሰጣቸው። በሚቀጥለው ዓመት የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ኪዮቶ በሚገኘው በታኪ የዘር ኩባንያ የምርምር እርሻ ኃላፊ ሆኑ።

በ1945 ኮሪያ ከጃፓን አገዛዝ ነፃ ወጣች። ነፃነቱ ግን አንድ ያልታሰበ ችግር ይዞ መጣ። የኮሪያ ገበሬ ለጎመንና ለፍጅል የሚሆነውን ዘር ይገዛ የነበረው ከጃፓን ነበር፤ አሁን መንገዱ ተዘጋ። ለኮሪያውያን ጎመንና ፍጅል ማለት ለእኛ ጤፍና በርበሬ እንደ ማለት ነው፤ ኪምቺ የሚባለው ወጣቸው ያለ እነሱ አይሠራም። ስለዚህ ዶክተር ኡ እንዲመጡ ጥሪ ቀረበላቸው። በመጋቢት 1950 ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮሃሩንና ስድስት ልጆቻቸውን ጃፓን ትተው ቡሳን ወደምትባለው የኮሪያ ወደብ ከተማ ሄዱ። ቤተሰቡን የማስተዳደሩ ሸክም በወይዘሮ ኮሃሩ ላይ ወደቀ። ታላላቅ ሰዎች ሲመሰገኑ ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ እኛ አንርሳው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። በዓመቱ በግንቦት 1951 የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በጂቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዞ ያረፈው በዚያችው በቡሳን ወደብ ነው። ልጆቻችን ለኮሪያ ሊዋጉ ከመርከብ ሲወርዱ፣ የጎመናችንን የዘር ሐረግ ያስረዱት ሰው በዚያች ከተማ ለተራበ ሕዝብ ዘር ያባዙ ነበር።

ዶክተር ኡ የኮሪያ ቋንቋ በቅጡ አይናገሩም ነበር። በእርሻው ውስጥ የሚዘዋወሩት ተራ የጎማ ጫማ አድርገው በመሆኑ ሰዉ ባለ ጎማ ጫማው ዶክተር ይላቸው ነበር። ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ለኮሪያ አፈር የሚስማሙ የጎመንና የፍጅል ዝርያዎችን አወጡ፤ በቫይረስ ያልተበከለ የድንች ዘርም አባዙ። አገሪቱ የአትክልት ዘሯን ራሷ ማምረት ጀመረች።

ገበሬው በሳይንስ እንዲያምን ዘር የሌለው ሐብሐብ ያሳዩ ነበር። ብዙ ሰው ሐብሐቡን የፈለሰፉት እሳቸው ናቸው ይላል፤ ሐቁ ግን የፈለሰፉት ኪሃራ የተባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት መሆናቸው ነው። ምሥጢሩ ያው ሚዮሲስ ነው። ተራ ሐብሐብ 22 ክሮሞዞም አለው። ይህን 44 አድርገው ካሳደጉት በኋላ መልሰው ከተራው ጋር ሲያዳቅሉት ልጁ 33 ይኖረዋል። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሦስት ሦስት ስለሚሆን ለሁለት እኩል ሊካፈል አይችልም፤ ስለዚህ ፍሬው ይጣፍጣል እንጂ ዘር አይቋጥርም።

በ1953 ወይዘሮ ናካ ጃፓን ውስጥ አረፉ። ልጃቸው ሄደው ሊቀብሯቸው ለመኑ፤ የኮሪያ መንግሥት ግን አልፈቀደም። ያን ጊዜ በሁለቱ አገሮች መካከል ቂም ነበር፤ ሄደው ይቀራሉ የሚል ሥጋትም ነበር። የማሳደጊያውን ረሃብ ችለው፣ የባላቸውን ስም ተሸክመው ያሳደጓቸው እናት ያለ በኩር ልጃቸው ተቀበሩ። ዶክተር ኡ በሚሠሩበት ቦታ ሐዘን ተቀመጡ፤ ከየአቅጣጫው የማስተዛዘኛ ገንዘብ መጣላቸው። ገንዘቡን ለራሳቸው አልነኩትም። የምርምር ጣቢያው ውኃ ያጥረው ስለነበር ጉድጓድ አስቆፈሩበት። ስሙንም የርኅሩኅ እናት ወተት ምንጭ የሚል ትርጉም ያለው አድርገው አወጡለት። ውኃውን የጣቢያው ሠራተኛም የአካባቢው ነዋሪም ጠጣው። ቦታው ዛሬም በቡሳን በመታሰቢያነት ተጠብቋል።

ዶክተር ኡ በነሐሴ 1959 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ሊሞቱ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው የኮሪያ መንግሥት በሕመም አልጋቸው ላይ ሳሉ የባህል ሜዳሊያ ሰጣቸው። አባታቸውን በክህደት የከሰሰችው አገር ልጁን በክብር ቀበረች።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለጓሯችን ይጠቅመናል። አንዳንዶቻችን በሱቅ የታሸገ ድቅል ዘር እንገዛና በመጀመሪያው ዓመት ያማረ ምርት እናገኛለን። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ምርት ያስቀረነውን ዘር ስንዘራ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ፍሬያማ፣ አንዱ መካን ይሆንብናል። የሸጠልን ሰው አታለለን እንላለን። ምክንያቱ ግን ከላይ ያየነው ክፍፍል ነው፤ ድቅሉ የወረሰው በሚዮሲስ ጊዜ ተበታትኖ በአዲስ ዕጣ ይከፋፈላል። ስለዚህ ድቅል ዘር በየዓመቱ የሚገዛ መሆኑን አውቀን ወጪውን አስቀድመን እናስላ። የሐበሻ ጎመን ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩን ማስቀረት እንችላለን። ጤነኛና ቅጠለ ሰፊ የሆኑትን ተክሎች ቅጠላቸውን ሳንጨርስ ለዘር እንተዋቸው፤ ሲደርቁ ለቅመን ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ እናስቀምጠው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው የሎ ዶዶላ የተባለው የጎመን ዘር ዝርያም መነሻው በገበሬ እጅ የኖረ ዘር ነው።

ሁለተኛው ስለ ልጆቻችን ነው። በሰፈራችን አባታቸው ያልታወቀ፣ አባታቸው የታሰረ፣ እናትና አባታቸው ከተለያየ ብሔር የሆኑ ልጆች አሉ። ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚወረወረው ስድብ ዲቃላ የሚል ነው፤ አንዳንዴም ከእኛው አፍ ይወጣል። ዛሬ ማታ ለራት የምናቀርበው ጎመን ራሱ ዲቃላ ነው። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰውን ይዞ በደጋችን ጸንቶ ኖሯል፤ ብዙ ትውልድም መግቧል። እነዚህ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ወይዘሮ ናካ እንዳደረጉት ተመልሶ የሚወስዳቸውና ትምህርት ቤት የሚያስገባቸው ሰው ነው። ማኅበራችን ለእናቶቻቸው የሚሰጠው ብድርና ለልጆቹ የሚገዛው ደብተር የሚውለው ለዚህ ነው።